ነርሷ ላይ የታሰረው ዝንጣፊ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሩፊኑስ፤

ከሰላምታ በፊት ንስሐ ይቅደም። እኔ ታናሽ እህትህ ኦክቶቪና፣ በሙሉ አእምሮዬና በሙሉ ሆዴ ሆኜ፣ ለአያታችን ለቴቴ ላምበርት የላክኸውን የጣፋጭ ወተት ጣሳ በማንኪያ በማንኪያ የጨረስሁት እኔ መሆኔን አምናለሁ። እሳቸው እስከ ዛሬ ጉንዳን ይረግማሉ። ጉንዳኖቹን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አሁን ወደ ሰላምታው። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ የዓሣ ሣጥን መሸከሙን ለመደው? የሶሮንግ ወደብ ሙቀትስ? እህልስ ትቀምሳለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሩዝ ላይ ቃሪያ ነስንሰህ «በላሁ» ትላለህ? እኛ ደህና ነን። ሚስትህ ሉሲያም ደህና ናት፤ ሆዷ ብቻ ከእሷ ቀድሞ በር ይገባል። የምትወልደው በሚመጣው ወር፣ የምዕራቡ ነፋስ ባሕሩን ሲዘጋው ነው። ያን ጊዜ ጀልባ እንደማይሻገር አንተው ታውቃለህ። ጭንቃችንም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሲስተር ሬትኖ ልትሄድብን ነበር። ኮንትራቷ አለቀና ጤና ቢሮው «ለእናንተ መንደር የተያዘ በጀት የለም፤ እናንተም ጥቂት ናችሁ» ብሎ፣ የሚወስዳት ጀልባ እንደሚልክ አስታወቀ። ምትክስ ስንል «ይታሰብበታል» አሉን። የውሃ ጉድጓዳችንም ይታሰብበታል ከተባለ ስንት ጊዜው ነው፤ ይኸው እስካሁን እየታሰበ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ተሰበሰቡ። ስብሰባቸውን ታውቀዋለህ፤ ግማሹ ጉሮሮ መጥረግ፣ ግማሹ እንቅልፍ ነው። ቴቴ ላምበርት ግን ብድግ አሉ። «የባሕሩን ቀንድ አውጣ ሌባ እንዳይለቅምብን ምን እናደርጋለን? ሳሲ እናስራለን! ዝንጣፊው በጸሎት እስኪፈታ ድረስ ሳሲ የታሰረበትን ማን ይነካል?» በማግስቱ ስነሳ ለጋ የኮኮናት ዝንጣፊ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተጠምዷል። ነርሷ ገና ከውስጥ ተኝታለች። በዚህ ደሴት ዝንጣፊ ያልታሰረበት ነገር የለም፤ ባሕሩ፣ ኮኮናቱ፣ የአጎታችን ማንጎ። በሰው ላይ ሲታሰር ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

የጤና ቢሮው ሰው ፓክ ኢርፋን በጀልባው መጡ። ጀልባ ነጂው የእኛው አገር ልጅ ነው። የሲስተርን ሣጥን አውጣ ሲሉት ዝንጣፊውን አየና እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ጌታዬ፣ ከፈለጉ ከሥራ ያባርሩኝ። ይህን አልሻገርም፤ እናቴ ትሰማለች።»

«ቅጠል እኮ ነው፣ አንተ!»

«እንግዲያው እርስዎ ይሻገሩት።»

እሳቸውም አልተሻገሩም። ሽማግሌዎቻችን ጥርስ በጥርስ ሆኑ፤ ያላቸውን ያህል ማለቴ ነው። ይሄኔ ሲስተር በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ቴቴ፣ እኔ ቀንድ አውጣ ነኝ? ደሞዝ ካየሁ ወራት አለፉ። መደርደሪያዬ ላይ ከመድኃኒቱ ሸረሪቱ ይበዛል። እናቴ ጃቫ ሆና በር በሩን ታያለች። ይህን ሁሉ ስታስሩ፣ መቆየት ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አለ?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ የእግራቸውን ጣት መመርመር ጀመሩ። እኔ አፌ መዘጋት አያውቅምና «ትፈልጊያለሽ?» አልኋት። እናታችን ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እስካሁን ሰማያዊ ነው። ሲስተር ሆዷን ደግፋ የቆመችውን ሉሲያን አየቻት፤ ብዙ አየቻት።

«እፈልጋለሁ። ታስሬ ግን አይደለም። ደሞዜ ይከፈል፣ መድኃኒት ይምጣ፣ ከልጆቻችሁም አንዷ አጠገቤ ሆና ትማር። እኔ ስሄድ ደግሞ ሌላ ምስኪን እንዳታስሩ።»

ቴቴ ላምበርት ተነሡ፤ የመክፈቻውን ጸሎት አደረሱና ዝንጣፊውን በገዛ እጃቸው ፈቱት። ከዚያ ይዘውት ወደ ባሕሩ ወረዱ። ተሸነፉ ብዬ ተከተልኋቸው። ሽማግሌው ግን ሄደው የፓክ ኢርፋን ጀልባ ሞተር ላይ አሰሩት! «ልጄ፣ የቢሮዎ መልስ እስኪመጣ ድረስ እንግዳችን ነዎት» አሏቸው፤ እንደዚያ በትሕትና ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

እንግዳው የካሳቫ ቂጣችንን በውሃ እየገፉ በሉ። ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ጫፍ ብቻ ነውና ለቢሮው ሊደውሉ ወጡ፣ ወረዱ፣ ዳግም ወጡ። ሲመለሱ ሱሪያቸው ተቀዶ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። «ምጥ የያዛት ሴትም ሰው ለመጥራት ይህን ነው የምትወጣው?» ሲሉ ሉሲያ «እኔማ አልችልም፤ ቪናን እልካለሁ» ብላ እኔን አሳየቻቸው። ሰውየውም ለሦስተኛ ጊዜ ወጡ።

በመጨረሻ ቢሮው እሺ አለና ቴቴ ዝንጣፊውን ከሞተሩ ፈቱላቸው። ባለፈው ሳምንት የተጠራቀመው ደሞዟና መድኃኒቱ ደረሰ። ኮንትራቷም ነፋሱ እስኪያልፍ ተራዝሟል። ለድንገተኛ ጀልባ ነዳጅ በጀት የለም ስላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ከቀንድ አውጣው ሽያጭ ድርሻ ቆረጡለት። ነፋሱ ሲያልፍ ደግሞ እንደገና እንጠይቃለን፤ አሻፈረኝ ካሉም ኮኮናቱ አላለቀም።

የምትማረዋ ልጅ ማን ናት ብትል፣ እኔ ነኝ። አትሳቅ! ቴቴ «ይቺ ምላሳም?» ሲሉ ሲስተር «ምላሷን አይቼ ነው የመረጥኋት» አለች። ትምህርቴን ጨርሼ ከተማ ሄጄ ነርስነት አጥንቼ እዚሁ እመለሳለሁ። ለዚያም ከቀንድ አውጣው ድርሻ ይቆረጥልኝ ብያለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ጉሮሮ እየጠረጉ ናቸው። እስኪጨርሱ እጠብቃቸዋለሁ፤ ከእነሱ ይልቅ የቀረኝ ዕድሜ ይበዛል።

እናታችን ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ገላህን ታጠብ ብላለች። ቴቴ ላምበርት የወንድ ልጅ ስም መርጠዋል፤ የራሳቸውን። ሉሲያ የምትልህን በኔ ፊት አልናገርም ስላለች ለብቻዋ ትጽፍልሃለች። ሲስተር ሬትኖም ሰላም ብላሃለች፤ ስለ ሚስትህ አታስብ፣ እኔ አለሁ ብላለች።

እህትህ ኦክቶቪና
ኦሆይራን መንደር፣ ኬይ ደሴቶች፣ ኅዳር ፲፱ ቀን

ደግሞ ሳልነግርህ፣ ይህን የምጽፍልህ ከጤና ጣቢያው ጓሮ ነው። የማዋለጃውን መቀስ ቀቅዪ ተብዬ እሳቱ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ ውሃው እንዳይደርቅ ብቻ አየት ማድረግ ነው፤ አሁን እንኳ አንድ የሚቃጠል ነገር ሸተት ያለኝ

«ኦክቶቪና!» ሲስተር ናት።