የኮከቧ ፍሬን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከጧቱ 4 ሰዓት።

ኮከቧ ዛሬም እንጨት ላይ ቆማለች፣ ጎማዎቿ ወልቀው። ጦር ሠራዊቱ ትርፍ ብሎ የሸጣት ካሚዮን። ኦቦ ዲንሳ እንደገዟት ሰማያዊ አስቀቧት፤ የበሯ ነጭ ኮከብ ግን አሻፈረኝ ብሎ ከቀለሙ ሥር ይታያል። ስሟም ከዚያ መጣ። ባለቤቷ ኦቦ ዲንሳ፣ ነጂዋ እኔ፣ ሐኪሟ ጋሽ ሽኩር።

የፍሬኑን ሸራ በአዲስ ለወጥን። በቤንዚን ጠርገን ጆንያ ላይ ፀሐይ አስመታነው። እስኪደርቅ ሻይ ቤት። ስንመለስ የኦቦ ዲንሳ እናት፣ አዴ ጫልቱ፣ ከግቢው ጥግ ብቅ አለች። አንድ እጇ ነጠላዋ ውስጥ። እንደ እናቴ ናት፣ አንቺ ነው የምላት፤ እሷም ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ትለኛለች። መኪናዋን ልይ ብዬ ነው አለች። መረቀችን፣ ሄደች።

ሸራውን የገጠምኩት እኔ። የጋሽ ሽኩር ዓይን ደክሟል፤ ብሎን የሚያጠብቁት በዳሰሳ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ዲጋ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት።

ማስታወሻዬ፣ ጽሕፈቴን ቻይኝ። ጨው ጭኜ ወደ ጊምቢ። ከዲጋ አልፌ፣ የዴዴሳ ቁልቁለት እኩሌታ ላይ ፍሬን ብረግጥ የለም። ደግሜ ረገጥኩ። እግሬ ይሰማዋል፣ ጎማው አይሰማም። ደግሞ የተቃጠለ ቅቤ ይሸተኛል። በዚህ ገደል ማን ነው ቅቤ የሚያነጥር አልኩ። ሰው ሊሞት ሲል ስለ ወጥ ያስባል እንዴ?

አንደኛ ማርሽ ከተትኳት፣ እየጮኸች ገባች። ጎኗን ከተራራው ጋር አፋተግኋት። ቆመች። ጥቂት ጆንያ ወድቆ ተቀደደ፤ የአካባቢው ከብት ሁሉ መጥቶ መንገዱን ሲልስ ዋለ። እኔ ጉልበቴ ብቻ ተላጠ። ተመስገን። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ዲጋ ተመለስን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ነቀምቴ።

ኦቦ ዲንሳ ጋሽ ሽኩርን አሰናበቱ። ዓይን የሌለው መካኒክ ሰው ያስገድለኛል አሉ። ጋሽ ሽኩር መፍቻዎቻቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ። ዓይኔ ከድቶኝ ይሆናል አሉኝ። ማክሰኞ ወደ አገራቸው ሊገቡ ነው። አንጀቴን በሉት።

ከሰዓት በኋላ ጎማዎቹን ፈታሁ። ሸራው ላይ ቅባት፤ ቅባት የነካው ሸራ ይንሸራተታል፣ ጎማ አይዝም። ግሪስ አይደለም። አሸተትኩት። ቅቤ። ያልተቃጠለው ጠርዝ ላይ ለጋው እንዳለ አለ፣ ሁሉም ላይ፣ በጣት የተሳበ። ያኔ ያ ነጠላ ውስጥ የነበረ እጅ ትዝ አለኝ።

እዚህ አገር መንገደኛ ሲወጣ እናት ግንባሩን ቅቤ ትቀባዋለች። አዴም ለኮከቧ ያንኑ አደረገች፤ ጆንያ ላይ የተሰጣው የመኪናዋ እግር መስሏት። ቅባቱን ዳስሶ ከራሴ እጅ የነካው ግሪስ ነው ብሎ የገጠመው ደግሞ ማን ሆነና፣ እኔው።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ጧት።

ብናገር፣ ኦቦ ዲንሳ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አምና እናታቸው እንደ ጥንቱ እምነት ዋርካ ቅቤ ስትቀባ አይተው ሳምንት ሙሉ አላናገሯትም። ዝም ብል፣ ጋሽ ሽኩር ከነገ ወዲያ የሉም። ሆድ ይፍጀው የሚባለው የራስ ነገር ሲሆን ነው። በሰው እንጀራ አይሆንም።

ከቀኑ 9 ሰዓት። ለአዴ ነገርኳት። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ ተንተባትቤ። ያ ሽማግሌ በእኔ ቅቤ ነው የተባረረው? ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ጥፋቱን እኔ ልውሰድ ብላት አልሰማችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ልጇ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። በኦሮምኛ ነው ሁሉን የነገረቻቸው፣ ድምፅዋን ሳታሰማምር፦

«የጸለይኩት በኢየሱስ ስም ነው። ቅቤው ግን የእናቴ ነው።»

ኦቦ ዲንሳ ባርኔጣቸውን አንስተው በእግራቸው ጋሽ ሽኩር ቤት ሄዱ። እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው አልጠበቅሁም፤ አልዋሽሽም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሲመለሱ ግን ቁጣቸው አልቀረልኝም፤ ከእንግዲህ ግቢው ውስጥ ቅቤ የሚባል እንዳላይ አሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15።

ጋሽ ሽኩር ተመለሱ። የቆየውን ሸራ ጣልን፣ ሌላ ቆረጥን። አንድ በአንድ እያሸተቱ ነው የሚያቀብሉኝ፣ እየሳቁ። ነገ ጧት ዴዴሳን እንደገና እወርዳለሁ።

አዴ አጥሩ ጋ ቆማ ስታየን ዋለች። እጆቿ ባዶ። አትቀርብም። ይሄ ከቁልቁለቱ ይልቅ ከበደኝ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ኮከቧ ከፊት ትልቅ የመጎተቻ መንጠቆ አላት፣ የወታደር ብረት። አይሽከረከርም፣ ምንም አያቆምም። ነገ ሳልነሳ አዴን ጠርቼ እሱን አሳያታለሁ። ኦቦ ዲንሳ ቢቆጡም ይቆጡ። ከመንጠቆው በፊት ግን ባርኔጣዬን አውልቄ ጎንበስ እላለሁ። የሚወርደው እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ የእኔን ግንባር ትቀባ።