ለዶሮ የሚሸጠው ሩዝ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። እስከ ረፋዱ ከሱቄ ዘይትና ሽንኩርት ጥሩ ተሸጠ። ጤፍ ተወዷል፤ የጠየቀም የለም።

የመምህሩ ሚስት አልማዝ እንደ ልማዷ ከአቦቦ ወረዳ የሚመጣልኝን ርካሽ ስብርባሪ ሩዝ «ለዶሮዎቼ» ብላ ጠየቀችኝ። ጎረቤቴ ናት፤ በግቢዋ አንድም ዶሮ የለም። ጤፉ እንዲበረክትላት ቀላቅላ እንደምታስፈጨው ከገባኝ ቆይቷል። ሁልጊዜ ዝም ብዬ እሰፍርላታለሁ።

ዛሬ ግን ከኋላዋ የቆመች ደንበኛ ሳቀች። «ዶሮዎችሽ ምን ያህል ቢወፍሩ ነው? መቼ ነው የምትጋብዢን?»

አልማዝ አንገቷን ደፋች። ሩዙን ትታ ልትሄድ ስትል፣ «ኧረ ለዶሮ አትጨርሺው!» አልኳት ጮክ ብዬ። «እኛ ቤት ከጤፍ ጋር አስፈጭተን ነው የምንበላው። ወጪ ይቀንሳል።»

የሳቀችው ሴት ሳቋን ተወች። «እውነት፣ አጁሉ? ስንት በስንት ነው?»

«ግማሽ በግማሽ» አልኩ ሳላስብ።

አልማዝ ቀና አለች። «ይደርቃል እኮ! ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ሩዝ ነው» ብላ ለሴትየዋ ማስረዳት ጀመረች። ሁለቱም ሩዝ ገዝተው እያወሩ ሄዱ።

እኛ ቤት ግን እንዲህ ያለ እንጀራ ተበልቶ አያውቅም። ሴትየዋ ደግሞ ስትወጣ «እሑድ ቤትሽ መጥቼ እቀምሳለሁ» ብላኛለች።

ነገ ጠዋት ጤፍና ሩዝ ይዤ ወፍጮ ቤት።