አምስተኛው መደብ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደከረምክ አክስታችን ነግራኛለች። ጠዋት ፀጉር ቤትህን ትከፍታለህ፣ የባዳ ፀጉር ስትቆርጥ ትውላለህ፣ ማታ ዘግተህ ትገባለህ። ከዘመድ አንድም ሰው ደጃፍህን አይረግጥም። የአጎታችን ልጆች እንኳ ማዶ ካለው ፀጉር ቤት መቆረጥ ጀምረዋል አለችኝ፤ ሰውየው አንገታቸውን እንደ በግ እየሸለተ ቢልካቸውም አንተ ጋ አይመጡም። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዕር ያስነሳኝ ስልኬ ነው። ዛሬ ባቡሩን ለተረኛው አስረክቤ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ምሳዬን እንደከፈትኩ ጠረጴዛው ላይ ተንጫጫ። «ጎረቤትዎ ደቂቃው እርሻቸውን ከጎበኙ አራት ወር ሆናቸው። ይቀስቅሷቸው!» ይላል። ከሥሩ «ቀስቅስ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ፤ ከቁልፉ ጎን አንድ ዶሮ ትዘላለች። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ምነው፣ ምን አይተሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው?» አለችኝ።

«ጌም ነው» አልኳት።

«አይ አንቺ! እኔ ደግሞ ሰው ሞተ ብዬ!» ብላ ሳቀች።

ደቂቃው አባዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲነዳ አንዲት ደቂቃ አርፍዶ ስለማያውቅ ጓደኞቹ ያወጡለትን ስም ነው እርሻው ላይ የጻፍኩለት።

እኔና አንተ በጌም ስንጣላ ያሁኑ የመጀመሪያችን አይደለም። ጡብ ከላይ እየወረደ የሚደረደርባትን፣ ስክሪኗ ግራጫ የሆነችውን ያችን የእጅ መጫወቻ መቼም አትረሳትም። አባዬ «ለሁለታችሁ» ብሎ ነበር የገዛት። ለሁለታችን! አንተ ግን ታላቅ ነህና «ስሞት እሰጥሻለሁ» ትለኝ ነበር። አገጬን ትከሻህ ላይ አስደግፌ እስክትሞት እጠብቃለሁ። ስትሞት ደግሞ «ይሄ አይቆጠርም፣ አስነጠሰኝ» ትላለህ። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ፣ በጥርስህ ትነክሰዋለህ፣ ያችን የቀረችውን ቅንጣት ጉልበት እንኳ ለኔ አታተርፋትም። በመጨረሻ የታቹ ቁልፍ ሲነቀል «እንኪ፣ ያንቺ ናት» ብለህ ሰጠኸኝ። ጡቡን ማዞር እንጂ ማውረድ አይቻልም። እኔ የተጫወትኩት እንግዲህ ያችን ነው፤ ጡቡ በገዛ ጊዜው እስኪወርድ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ። አባዬ «ታጋሽ ያደረገሽ ወንድምሽ ነው፣ ውለታውን አትርሺ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያልተጫወትኩት የለም። በመጀመሪያው ስልኬ ላይ እባቡን የገዛ ጭራውን ነክሶ እስኪሞት አበላው ነበር። በባቡር ነጂነት ሥልጠናዬ ዓመት ደግሞ ከማደሪያችን እስከ ማሠልጠኛው ባለው መንገድ ከረሜላ ሳዛምድ እውል ነበር። አንዱም ከሌላው አይሻልም። አውራ ጣትህን ያደነዝዙታል፣ በየደረጃው ማስታወቂያ ይደነቅሩብሃል፣ ልታሸንፍ አንድ ብቻ ሲቀርህ «ሕይወትዎ አልቋል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለሱ» ይሉሃል። ሕይወት አልቆበት ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚመለስ ሰው ያለው እነሱ ጋ ብቻ ነው።

እርሻውን አባዬ ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል የጫንኩለት እኔ ነኝ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ችግኝ ያልተከለ ሰው፣ መዳፉ በመሪ የደደረ ሰው፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ በአንድ ጣቱ ሽንኩርት ሲዘራ ብታየው! አንተ ግን አላየኸውም። «ሽማግሌው ልጅ ሆነ» ብለህ ስቀህ ወደ ሥራህ ሄድክ። አጥር ግዛ ሲሉት አይገዛም፣ ፏፏቴ ሲሉት አይሰማም፣ ዶሮ በነጻ ሲሰጡት «ደግሞ ማን ሊያባርራት!» ብሎ መለሳት። ሽንኩርት ብቻ፣ አምስት መደብ፣ እንደ አውቶብስ ወንበር ተደርድሮ።

እኔ ለሥልጠናው ወደዚህ ከተማ ስመጣ በእርሻው ጎረቤታሞች ሆንን። ጎረቤት የጎረቤቱ እርሻ ገብቶ ያጠጣለታል፤ በቀን አንዴ ውሃ ያላገኘ መደብ ይደርቃል። አባዬ በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ድሮ ከጋራዥ በሚወጣበት ደቂቃ፣ እርሻዬ ገብቶ አራቱን መደብ ያጠጣልኛል። አምስተኛውን ይተወዋል። መጀመሪያ የረሳው መስሎኝ ደወልኩለት። ስልክ ማውራት እንደማይሆንለት ታውቃለህ፤ አንድ ጆሮውን የሞተር ጩኸት ጨርሶታል።

«ረዳቴ» አለኝ እየጮኸ፤ የአውቶብስ ረዳት እንደሆንኩ ያህል ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። «ሁሉንም ካጠጣሁልሽ አንቺ ምን ልትሠሪ ትገቢያለሽ? አንዷን ተውኩልሽ። ጠጥታ ሳገኛት ደህና መሆንሽን አውቃለሁ። አንቺም የኔን አንዷን ተይልኝ። በቃ ዝጊ፣ ሂሳብ አትጨርሺ!»

አሥር ወር እንዲህ ኖርን። ለኔ ከአባዬ ጋር መነጋገር ማለት ያ ነበር። ጠዋት አራት መደብ ርሶ አንዷ ደርቃ ሳገኝ አባቴ አለ ማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ልቤ ያርፋል።

እንግዲህ አንተ ወደ ሠራኸው ልምጣ። አባዬ ማክሰኞ ቀን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። ፈተናዬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የማሠልጠኛውን ሕግ ታውቀው ነበር፤ ከሦስት ቀን በላይ የቀረ ስሙ ይሰረዛል፣ የሚመለሰውም ከዓመት በኋላ ነው፤ መንገዱና ለቅሶው ደግሞ ከሦስት ቀን ያልፋል። ከአክስታችን ጋር መክራችሁ «ፈተናዋን ትጨርስ፣ እሱም ቢሆን የሚፈልገው ይህንኑ ነው» አላችሁ። ያለኔ ቀበራችሁት፤ የቀረው ዘመድ አንተ ነግረኸኝ በፈተና የቀረሁ መስሎት ነበር። ለኔ «ድምፁ ተዘግቷል፣ ሐኪሙ አትናገር ብሎታል፣ አትደውዪ» ብለህ ጻፍክልኝ። መጻፍህ ራሱ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር፤ አንተ በአፍህ መዋሸት አትችልም፣ ትንተባተባለህ። ከዚያ የአባዬን ስልክ አነሳህና በእሱ ጣት ቦታ ያንተን ጣት አስገብተህ እርሻዬን አጠጣህ።

አምስቱንም አጠጣሃቸው።

ማን ይንገርህ? አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብለህ አላየኸው። እኔ ደግሞ ጅሏ ምን አልኩ? አባዬ በስተርጅናው ልቡ ራራልኝ አልኩ! እርሻው ላይ ባለው ሰሌዳ «ምነው ደቂቃው፣ ዛሬ ደግ ሆንክሳ!» ብዬ ጻፍኩ። አንተ ቀይ አበባ ላክህልኝ። ዶሮ የመለሰ ሰው አበባ ሲልክ! ስልኩን ለክፍል ጓደኞቼ እያዞርኩ አሳየኋቸው፣ «አባቴ አረጀ» እያልኩ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እናንተ ከቀብር በተመለሳችሁ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ያን ሳቅ ይቅር ልልህ አልችልም። ሞክሬ አቅቶኛል።

የቀረውን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። ፈተናውን ባለፍኩ ማግስት የምስክር ወረቀቴን በእጄ ይዤ መጣሁ። ግቢው በር ላይ ቆመህ ነበር፤ ከኋላህ አጎታችን፣ አክስታችን፣ የአባዬ የሥራ ጓደኞች። ከአፍህ ሁለት ቃል ሳይወጣ ጮህኩ። «ሳልቀብረው! አላወቅሁም ነበር! በሞተ አባቴ ጣት ተጫወትክብኝ!» አልኩህ። አንተ፣ በዕድሜ ሰባት ዓመት የምትበልጠኝ ሰው፣ ጉልበቴ ላይ ወድቀህ «ላንቺ ብዬ ነው፣ ይቅር በይኝ» አልክ። አጎታችን «ከዛሬ ጀምሮ የኔ ዘመድ አይደለህም» አለህ። አንድም ሰው እጁን ዘርግቶ አላነሳህም። እኔም አልፌህ ገባሁ።

እስካሁን የጻፍኩትን ታውቀዋለህ። የማታውቀውን ልንገርህ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር፤ ሆድ ግን አልፈጀውም፣ እኔን ፈጀኝ እንጂ።

እኔ በስድስተኛው ቀን አውቄ ነበር።

እርሻው ጎረቤት የገባበትን ሰዓት መዝግቦ ያስቀምጣል። ከፍቼ አየሁት። ሦስት ሰዓት ከአምስት፣ ሦስት ከሃያ፣ ሦስት ከአሥር። አንተ ፀጉር ቤትህን ከፍተህ የመጀመሪያው ደንበኛ እስኪመጣ ወንበር ላይ የምትቀመጥበት ሰዓት ነው። ከማክሰኞው ወዲህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የገባ የለም። ድምፁ የተዘጋ ሰው ጣቱ አይዘጋም። ማሠልጠኛው መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና «አባዬ ሞቷል» አልኩ፤ በሐሳቤ አይደለም፣ በአፌ ነው ያልኩት። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። ቁጥርህ ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ብጠይቅህ ተንተባትበህ እውነቱን ትነግረኛለህ። ከነገርከኝ መምጣቴ ነው። ከመጣሁ ዓመቴ መሄዱ ነው። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አንድ በአንድ አሰብኩት፤ ደንግጬ ነው፣ ግራ ገብቶኝ ነው ብዬ እንዳላመካኝ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ፊቴን ታጥቤ ክፍል ገባሁ። የፍሬን ትምህርት ነበር፤ ጥያቄም መለስኩ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ቀን አንተ ሦስት ሰዓት ላይ የኔን ታጠጣለህ፣ እኔ ምሳ ሰዓት ላይ የአባዬን አጠጣለሁ። ካላመንከኝ የሱን ስልክ ክፈትና መዝገቡን እይ። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ እኔም አምስቱንም ነው ያጠጣሁት። አንዷን የምተውለት ሰው እንደሌለ አውቅ ነበራ! አንተ ልብ አላልክም እንጂ፣ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ከአሥራ ዘጠኙ ቀን ስድስቱ ያንተ ነው፣ ወንድሜ። አሥራ ሦስቱ የኔ ነው።

ግቢው በር ላይ የጮህኩት ጩኸት እውነት ነበር፤ አባቴን አጥቻለሁ። «አላወቅሁም ነበር» ያልኩት ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ የዋሸሁት ውሸት ነው። አንተ ስትወድቅ አየሁህና፣ ጥፋቱን ሁሉ ይዘህልኝ እንደወደቅክ ገባኝ። ዘመድ ሁሉ እኔን ደግፎ ይዞ ያባብለኛል። ደስ ይላል እንዲህ መሆን፤ ንጹሕ ሆኖ መታቀፍ። አራት ወር ሙሉ ደስ እንዳለኝ አንተ ብቻህን ቀረህ።

አሁንም ተቆጥቼብሃለሁ። ያንተን ስድስት ቀን ይቅር ማለቴን እንጃ፤ ያ ቀይ አበባ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ግን ያንተን ያህል እንጂ የኔንም ደርበህ ልትሸከም አይገባህም።

ይህን ደብዳቤ ለአክስታችን አንብብላት። እሷ ለአጎታችንም ለሌላውም ለማዳረስ አንድ ቀን አይፈጅባትም፤ ታውቃታለህ። ሲረግሙኝ «ልጅ ናት» ብለህ እንዳትከላከልልኝ። እኔም የወሩ መጨረሻ ላይ ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ መጥቼ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ እዚያው ግቢ በር ላይ ቆሜ በገዛ አፌ እናገረዋለሁ። ቃሌ ነው።

እስከዚያው ግን ያን ቀን ጉልበቴ ላይ ስትወድቅ ማለት የነበረብኝን፣ አውቄ አፌ ውስጥ ያስቀረሁትን አንድ ቃል ዛሬ ልበልህ። ተነሳ።

እህትህ