ባለቤት ያለው ጤና አዳም

አሶሳ፣ የካቲት 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለውዱ ባለቤቴ ለበቃሉ፣

ፓዌ እንዴት ይዞሃል? ወባውስ በረደልህ? እኔና ልጆቹ ደህና ነን። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩልህ፣ ብትስቅ ሳቅ።

ከወሎ ሲጭኑን በሁለት መኪና ለያይተው አንተን መተከል ፓዌ፣ እኛን አሶሳ አወረዱን። መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም የለውም፤ ቁጥሩም ሁለቴ ተቀየረ። ለዚህ ነው ከተማው ዳር ሻይ ቤት ስከፍት ታፔላው ላይ «ጤና አዳም» አስጽፌ፣ ፓዌ በሚመላለሰው ሾፌር በዳበሳ «አሶሳ ስትደርስ ጤና አዳም ብለህ ጠይቅ» ብዬ የላኩብህ። ሻዬን የማፈላው በጤና አዳም ነው፤ ሌላ ምን ልበለው?

ለካ ስሙ ባለቤት አለው! ባለፈው ሳምንት ከንግድ ጽሕፈት ቤት መጥተው «ይህ የዓብዱልባሲጥ ሆቴል ስም ነው፣ ተመዝግቧል፣ አንሺ» አሉኝ። በየጓሮው የሚበቅል ተክል ለአንድ ሰው ሲመዘገብ ሰምተህ ታውቃለህ? ደሜ ፈላ። ታፔላው ከወረደ አንተ በምን ታገኘናለህ? ነጠላዬን አጣፍቼ ሆቴሉ ሄድኩ።

ዓብዱልባሲጥ የዚሁ አገር ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ባሌ የሚፈልገኝ በዚህ ስም ነው ብዬ ሳለቅስበት ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ስምህ ይታይሽ ነው?»

«አዎ።»

«ወላሂ! በጥምቀት ሰሞን አንድ ሰውዬ መጣ። ረጅም ነው፣ ሲያወራ ዓይን ይጨፍናል። ጤና አዳም ብሎ ሲጠይቅ ሰዎች እኔ ጋ አመጣው። ይታይሽ የት ነው አለ። እዚህ እንዲህ የሚባል ሴት የለም አልኩት። ምሳ ሰጠሁ፣ አልበላም። ‹ሌላ አግብታ ሄዳለች ማለት ነው› አለ፣ ሄደ።»

ሲያወራ ዓይኑን የሚጨፍን ካንተ ሌላ ማን አለ? ያን ቀን እኮ እዚሁ ከተማ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ምሳውን ትተህ እንዴት ሆነህ ወደ መኪናው ተመለስክ? የጽሕፈት ቤቱን ሰዎች ሳልጠብቅ ታፔላውን በገዛ እጄ ነቀልኩት። አሁን በሩ ላይ ያለው የራሴ ስም ነው፤ ዓብዱልባሲጥም እኔን ብሎ የመጣውን ሁሉ ወደ እኔ ሊልክ ምሎልኛል።

እባክህ አንድ ጊዜ ተመለስና «ይታይሽ» ብለህ ጠይቅ። አላገባሁም፣ በቃሉ።

የምትረግጠውን መሬት እመቤቴ ታለስልስልህ።

ሚስትህ
ይታይሽ