ዜሮ ስለማይቀበለው ታብሌት ለተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን

ለዱቄት ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለተከበሩ አቶ ኸይረዲን
ኬሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብ፣ ልጆች፣ ባቲ ገበያ የምታመላልስዎ መኪና ሁሉም ደህና ናቸው? በእኛ አገር ሰላምታ በአንድ ቋንቋ ብቻ ከቀረበ ኩርፊያ ስለሚመስል «ነጋ ጅርቱ?» ብዬ በኦሮምኛም እደግማለሁ። ታብሌቱም ደህና መሆኑን ሰምቼ አላህን አመስግኛለሁ፤ ያ ሁሉ እሳት ሲነሳ መስታወቱ እንኳ አልተጫረም።

እኔ በፋብሪካው የኤሌክትሪክ ክፍል ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሪሀና ሙሀመድኑር ነኝ። ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ የሰጠሁዎት ሁለት ደብዳቤዎች እስካሁን ጠረጴዛዎ ላይ እንደታሸጉ ናቸው፤ ምናልባት ሙጫው ጠንክሮብዎት ይሆናል። ይህኛው እንዳያስቸግርዎ ብዬ ሳላሽግ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጉዳዩ ሙስዐብ ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት ይህ የሥራ ባልደረባዬ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ከፍቶ ለታብሌቱ ፎቶ ሲያነሳ፣ ከሳጥኑ ውስጥ የፈነዳው ብልጭታ ሁለት እጁንና ፊቱን አቃጠለው። እርስዎ የሰየሙት ኮሚቴ ጥፋቱ የራሱ የሙስዐብ ነው ብሎ የስንብት ደብዳቤ አዘጋጅቷል፤ እኔም በምስክርነት እንድፈርምበት እስከ ሐሙስ ጊዜ ተሰጥቶኛል። ስለዚህ ሐሙስ ሳይደርስ፣ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ከኋላቀርነት ስላላቀቁን አመሰግናለሁ። ድሮ እኛ ሳጥን የምንከፍተው ዓርብ በጁምዓ ሰዓት፣ ወፍጮው ሲቆም፣ ኃይሉን አጥፍተን ነበር። የሚከፍተው ሰው ኮፊያውን አውልቆ ማብሪያው እጀታ ላይ ይሰቅላል። ኮፊያ የተሰቀለበትን ማብሪያ መንካት የሰውየውን ራስ መንካት ስለሆነ፣ ከወፍጮ ኦፕሬተሩ እስከ ጆንያ ተሸካሚው ድረስ እጁን የሚዘረጋ አልነበረም። እኔ ኮፊያ ስለሌለኝ ለዚሁ ብዬ ትርፍ ሻሽ ከቤት ይዤ እመጣ ነበር። በዚያ አሠራር በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልተቃጠለም። እርስዎ ግን የራስ ልብስ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ መስቀል ዓለም አቀፍ ደረጃን እንደማይመጥን በማስታወቂያ አሳወቁን፤ በምትኩም የጠፋ ማብሪያ የሚቆለፍባቸው ቀያይ ጓጉንቸሮች ገዙልን። ጓጉንቸሮቹ በእርግጥ ጥሩ ናቸው፤ ዛሬ አንዱ የታብሌቱን መሳቢያ፣ ሌላው የቢሮውን የስኳር ቁም ሳጥን በታማኝነት ይጠብቃሉ።

2ኛ. ከአዲስ አበባ ስላስመጡልን የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የአገሬ ሰው በየቢሮው «ሲስተም የለም» እየተባለ ሲመለስ፣ እኛ ዘንድ ሲስተም አለ። የተገዛውም ለእኛው ደህንነት እንደሆነ በምረቃው ቀን በሰፊው አስረድተውናል። ይህ ሶፍትዌር ሰኞ ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የእያንዳንዱን ሳጥን የቮልቴጅ ልክ እንድንሞላ፣ በሩንም ከፍተን የውስጡን ፎቶ እንድናነሳ ያዛል። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዳችን ኃይሉን አጥፍተን፣ ሳጥኑን ከፍተን፣ ዜሮ ብለን ሞላንለት። «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» ብሎ መለሰልን። ኃይሉ የጠፋ ሳጥን ልኩ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ እርሱ ዘንድ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሪፖርት አረንጓዴ ሆኖ እንዲወጣ፣ ሳጥኑ ከነኃይሉ፣ ከነዱቄት ብናኙ መከፈት ነበረበት። ያልከፈቷቸው ሁለት ደብዳቤዎቼ የሚሉት ይህንኑ ነው። ኮሪደር ላይ አግኝቼዎ በቃል ብነግርዎም ሲስተሙ የሚለውን እንድፈጽም መከሩኝ።

3ኛ. ስለ መከላከያ ልብሱም ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ወፍራም ካፖርት፣ ጓንትና የፊት ጋሻ ያለው አንድ ሙሉ ልብስ ተገዝቶልን ቢሮዎ ባለው የመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆሟል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶ ይነሳል፤ በፋብሪካችን ከእርሱ የበለጠ ከአደጋ የተጠበቀ የለም። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሰኞ ሰኞ ለማሽላ ግዥ ባቲ ነዎት። ሶፍትዌሩ ሳጥን የሚያስከፍተን ሰኞ ብቻ ስለሆነ፣ ልብሱና ሳጥኑ እስከ ዛሬ ተያይተው አያውቁም።

4ኛ. ሥልጠናው። አንድ ጠዋት አዳራሽ ተሰብስበን፣ ቢጫ ሄልሜት ያደረገ ፈረንጅ በእንግሊዝኛ ሲናገር በስክሪን አየን። ከእኛ መካከል በኦሮምኛ የሚያወራ አለ፣ በአማርኛ የሚያወራ አለ፣ አብዛኞቻችንም በአንዱ ጀምረን በሌላው እንጨርሳለን፤ በእንግሊዝኛ ግን የደፈረ አልነበረም። ስክሪኑ ላይ የብልጭታ ሥዕል ብቅ ሲል መብራት ጠፋ። ፊልሙን ያመጡልን አሠልጣኝ ጥቂት ጠብቀው መንገድ እንዳይመሽባቸው ተነሱ። በማግሥቱ ሶፍትዌሩ ሁላችንም ሥልጠናውን በዘጠና አራት ከመቶ እንዳጠናቀቅን መዘገበ፤ ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጡት ጋሽ ዓብዱልመጂድ ዘጠና ስድስት አምጥተዋል። ሙስዐብም ዘጠና አራት አለው። ሙስዐብ የዚያን ቀን ሰንበቴ ከተማ፣ የእህቱ የኒካሕ ሠርግ ላይ ነበር። የፈቃድ ወረቀቱን የፈረሙለት እርስዎ ነዎት።

አምስተኛውንም በዚሁ ቁጥር ልቀጥል አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ያን ሰኞ ተራው የእኔ ነበር። ልጄ ትኩሳት ይዟት ጤና ጣቢያ ስለወሰድኳት ሙስዐብ ተካኝ። ስመለስ የክፍላችን በር ላይ ጫማውን አየሁት፤ እርሱን ግን ወደ ደሴ ይዘውት ሄደው ነበር። ኮሚቴው በቦታው ያልነበርኩትን እኔን ለምስክርነት የመረጠበትን ጥበብ እስካሁን እያደነቅኩ ነው። የስንብት ደብዳቤው ሠራተኛው በቂ ሥልጠና ወስዶ ሳለ፣ የመከላከያ ልብስ ሳይለብስ፣ ኃይል ሳያጠፋ ሳጥን ከፈተ ይላል። ሦስቱንም ያደረገው ማን እንደሆነ ከላይ በቁጥር ስለዘረዘርኩ አልደግመውም።

ቤቱ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። እናቱ ዘይና በማንኪያ እያጎረሱት ነበር። ደብዳቤውን ሳነብለት «አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኔ ተርፎልኛል» አለኝ። ቀጥሎም «ሪሁ፣ እውነት ዘጠና አራት አምጥቼ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አቶ ኸይረዲን፣ እኔ ከዚያ ቤት የወጣሁት ይህን ደብዳቤ በቁጣ በልቤ እየጻፍኩ ነው። ይህን ሁሉ ጨዋ ቃል የምደረድረውም ሌላውን ቃል ሰሌዳው ስለማይችለው ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት፦ አልፈርምም። ሐሙስም አልፈርምም፣ ከሐሙስ በኋላም አልፈርምም። የሙስዐብ ዘጠና አራት ይሰረዝለት፤ ስንብቱም ይቅር። ሶፍትዌሩ ዜሮ መቀበል እስኪማር ድረስ ኃይል ያለው ሳጥን አልከፍትም፤ ይህም እንቢተኝነት ተብሎ በታብሌቱ ላይ ቢመዘገብልኝ፣ ቢያንስ አንድ እውነተኛ መረጃ ይኖረዋል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ባቲ በሰላም ሄደው በሰላም እንዲመለሱ፣ እጆችዎም እንደ ዛሬው ለስልሰው ዘመን እንዲሻገሩ ከልቤ ዱዓ አደርጋለሁ።

ዘጠና አራት ከመቶ የሠለጠነችው አክባሪዎ
ሪሀና ሙሀመድኑር
ኤሌክትሪክ ክፍል

ማሳሰቢያ፦ የኮሚቴው ጸሐፊ ባለፈው እሑድ፣ ሙስዐብ ጥፋቱን ማመኑን በጣት አሻራው እንዲያረጋግጥ ታብሌቱን ይዞ ቤቱ ድረስ መጥቶ ነበር። ከፋሻ የወጡትን ጣቶቹን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ አስነካው፤ ታብሌቱም በየተራው «ሠራተኛው አልታወቀም» አለ። አሻራውን የግድ ከፈለጉት ባቃጠለው በሦስተኛው ሳጥን በር ላይ ከነቆዳው ተጣብቆ ቀርቷል፤ ልንፍቀው እጃችን እንቢ ብሎናል። ሰኞ ባቲ ሳይወርዱ ብቅ ይበሉና ራስዎ ያንሱት። አይስጉ፣ ለእርስዎ ኃይሉን እናጠፋለን።