ምንም ያልተጨመረበት መሬት

ደባርቅ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለእየሩስ፤

እንደምን ከርመሻል? የጀርመን ብርድ፣ ትምህርቱ፣ ያ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስቀምጥሽ ወንበር እንዴት አድርጎሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማት ነበር፤ አሁን ግን ዳገቱን ከእኔ ቀድማ ትወጣና ትጠብቀኛለች። መጠበቋ አይደለም፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጠበቋ ነው የሚያናድደኝ። ዳልቻዋ ላም ወንድ ጥጃ ወልዳለች። ዝናቡ ሁለት ቀን ጥሎ ተመልሷል፤ እኛም ሞፈርና ቀንበር እየጠገንን ሰኔን እንጠብቃለን።

ስልክ እያለ አባቴ ለምን ጻፈ ትይ ይሆናል። ባለፈው ደውለሽ፣ መስከረም ላይ በሊቃውንቱ ፊት ቆመሽ ጥናትሽን እንደምታቀርቢ ስትነግሪኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ስልኩን ቶሎ ለእናትሽ የሰጠሁት ኔትወርኩ አስቸግሮኝ አልነበረም። አፍሬ ነው። የሚያሳፍረኝን ነገር በቃል ብጀምረው ደግሞ «ኧረ ግድ የለም አባዬ» እያልሽ ታቋርጪኛለሽ። ወረቀት አያቋርጥም። የግብርናው ባለሙያ የሺዋስ ገጹን ሁሉ በስልኩ ፎቶ አንስቶ እልክላታለሁ ብሎኛልና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ዩኒቨርስቲያችሁ የዓመቱን ምርምር ሰብስቦ ያሳተመው መጽሐፍ በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ደረሰን። የሺዋስ ሦስት ከሰዓት በኋላ ሙሉ እየመጣ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልን። እኔማ ዩኒቨርስቲ ማለት አንድ ትምህርት ቤት ይመስለኝ ነበር። ለካስ በእኛ ቅኔ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ አቋቋም ቤት እንደሚባለው፣ የእናንተም የድልድይ ቤት፣ የወተት ቤት፣ የነፋስ ቤት አለው፤ ሁሉም የየራሱ የኔታና የየራሱ ደቀ መዝሙር ያለው።

የድልድይ ቤቱ ተማሪ በድልድይ ሆድ ላይ ጆሮ የሚመስል ነገር ለጥፎ፣ ድልድዩ ሳይሰበር በፊት ሲያቃስት ይሰማዋል አሉ። ሊማሊሞ ላይ ያን ጆሮ ቢለጥፉት ስንቱን ጭነት መኪና ሲረግም በሰሙት ነበር አልኩ። የወተት ቤቱ ላሚቱ አንገት ላይ ማተብ የመሰለ ነገር አስሮ በቀን ስንት ጊዜ እንዳመነዠከች ይቆጥራል። እናትሽ ይህን ስትሰማ ቆጣሪውን ማን ነው የሚቀልበው ብላ ጠየቀች። የሺዋስም «መንግሥት ነው» አላት። የነፋስ ቤቱ ደግሞ ተራራውን በክንድ ልክ አሳንሶ ሠርቶ፣ ነፋሱን ከቤት አስገብቶ ይለካዋል። እዚህ ቢመጡ ተራራውንም ነፋሱንም በልኩ እናሳያቸው ነበር።

ከዚያ ያንቺ ገጽ ተራ ደረሰ። እርሻችን አራት ቦታ ተከፍሎ ተሥሏል። የሺዋስ ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን አሳምሮ አነበበ። የመጀመሪያው መደብ የፋብሪካ ማዳበሪያ፣ ሁለተኛው የዚያ ግማሽ፣ ሦስተኛው አዲሱ ዘር ከነማዳበሪያው፤ አራተኛው ግን የአገሩ ገብስ ብቻ፣ ምንም ያልተጨመረበት። ሆኖም ምርቱ ከመጀመሪያው በአምስት ኪሎ ብቻ አነሰ። ፕሮፌሰርሽ በዚህ እንደተደነቀ፣ የደባርቅ ገብስ በድሃ አፈር ላይ ያለ ማዳበሪያ የሚያፈራበት ምሥጢር ሊመረመር እንደሚገባ ጽፈሻል።

ልጄ፣ ምሥጢሩ እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት በግንቦት የመጣሽ ጊዜ አስታውሺ። ካስማ ተክለሽ፣ ሲባጎ ወጥረሽ፣ ከየመደቡ አፈር እየቆነጠርሽ በላስቲክ ከቋጠርሽ በኋላ፣ «አባዬ፣ አራተኛውን ምንም እንዳታደርጉለት፤ አደራ» ብለሽኝ ሄድሽ። እኔም እሺ አልኩ። አንቺ ግን ካስማውን የተከልሽበት ጥግ የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ለኅዳር ሚካኤል የምዘክርበት ገብስ የሚወጣው ከዚያ ጥግ ነው። ጠላውም ዳቦውም ከዚያ ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ ለሰዎቹ መደብ ተሰጥቶ፣ የመልአኩ ድርሻ ጦሙን ሲያድር እንዴት ዝም ልበል? ሦስት ቀን ታገሥኩ። በአራተኛው ቀን ቅርጫቱን አንስቼ ወደ በጎቹ ጉረኖ ሄድኩ።

ፍጉን ተሸክሜ በትኜ፣ በበሬ አርሼ ከአፈሩ ጋር ደባለቅኩት። የሺዋስ በሰኔ ለዘሩ ሲመጣ የታረሰ መሬት እንጂ ሌላ አላየም። እኔም ይህን እንደ ማታለል አልቆጠርኩትም። አንቺ «ማዳበሪያ» ስትይ የማየው ያን በነጭ ጆንያ የሚመጣውን ነበር። ፍግ ለእኔ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የመሬቱ የራሱ ነው። ይህን የምልሽ ግን ለማመካኛ ነው፤ አደራሽን ስቀበል ምንም ማለት ምንም እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

ታዲያ የሺዋስ አንብቦ ሲጨርስ ወዲያው ተናዘዝኩ ብልሽ እዋሻለሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስሜ ባይጻፍም እርሻዬ ጀርመን ገብቷል። ደባርቅ ገበያ ወርጄ ያላወራሁለት ሰው የለም፤ የልጄ ጥናት የእኛን ገብስ ከፋብሪካ ማዳበሪያ እኩል አቆመው እያልኩ ስጎርር ሰነበትኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታችን ገሠሠ ከጉረኖው ደጃፍ ፍጉን ቆልሎ ኩበት ሲጠፈጥፍ አገኘሁት። ለመሬትህ አትፈልገውም ወይ ብለው፣ ቀና ብሎ አየኝና እንዲህ አለኝ፦

«የእርስዎ ልጅ ምንም አያስፈልገውም ብላ የለ? ዘንድሮ ሁሉንም ላነደው ነው።»

ገሠሠ ስድስት ልጆች አሉት። መሬቱም እንደምታውቂው ድንጋይ ነው። አበስኩ ገበርኩ ብዬ እዚያው አጠገቡ ካለው ካብ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ገሠሠ ካመነ፣ ያንን መጽሐፍ የሚያነብ ሌላው ሁሉ ያምናል። አንቺም መስከረም ላይ በሊቃውንቱ ፊት ቆመሽ፣ በንጹሕ ልብሽ፣ ያባትሽን ውሸት ታስረጃለሽ። አንዱ ጠያቂ አፈሩን መርምሮ ቢደርስበት ደግሞ ውሸታም የምትባዪው አንቺ ነሽ።

ለንስሐ አባቴ ለአባ ገብረ ክርስቶስ ነገርኳቸው። እንዲቀጡኝ ስጠብቅ ሳቁብኝ። ስቀው ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ኮስተር አለ።

«መሪጌታ፣ ሚካኤል ገብስ እንጂ ቦታ አልጠየቀዎትም። ንስሐዎም እኔ ዘንድ አይደለም፤ ልጅዎ ዘንድ ነው» አሉኝ።

ትናንት ሰንበቴ ላይ ተነስቼ ሁሉንም ለሕዝቡ ተናገርኩ። የሳቁን ነገር ተዪው። ገሠሠ ፍጉን ወደ እርሻው መልሷል፤ ከጠፈጠፈው ኩበት ሁለቱን ለእኔ ለመታሰቢያ ይዞልኝ መጥቷል። እናትሽ ደግሞ ከሁሉ ብሳ፣ «ጉረኖው እንዲያ ተጠርጎ ሲያድር እኔ የት የነበርኩ መሰለዎት?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አውቃ ዝም ብላለች። ምነው ብላት፣ እርስዎ እስኪናገሩ ብዬ ነው አለች።

አሁን ወደ ደጉ ነገር ልምጣ። የሺዋስ ሲሰማ መጀመሪያ ራሱን ያዘ። ቀጥሎ ስንት ፍግ ነው የጨመሩበት ብሎ ጠየቀኝ፤ አላውቅም እንዳልለው እየፈራ። እኔ ግን አውቃለሁ። ሸክም ያለ ጸሎት ዝም ብሎ ሸክም ነው፤ ስለዚህ በየቅርጫቱ አንድ ጊዜ እግዚኦ እያልኩ መቁጠሪያዬን ስቆጥር ነበር። መቁጠሪያዬ አርባ አንድ ፍሬ ናት፤ አራት ዙር ሄድኩ። አንድ መቶ ስልሳ አራት ቅርጫት፣ አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልተረፈ። ቅርጫቱም ያው አለ። የሺዋስ በዚያው ጉረኖ ፍግ ሞልቶ ሚዛኑ ላይ ሰቀለው፤ ሦስት ኪሎ። ሲያባዛው አምስት ኩንታል ሊሞላ ስምንት ኪሎ ጎደለው። ከዚያ ወዲያ ሲዘል ብታዪው! «እየሩስ አፈሩን ከፍጉ በፊት በላስቲክ ወስዳዋለች፣ የፍጉ ልክ ታውቋል፣ ምርቱን እኔው ራሴ መዝኜዋለሁ፤ ስለዚህ የበግ ፍግ ከፋብሪካው ጋር ትከሻ ለትከሻ መለካካቱ ራሱ ትልቅ ወሬ ነው» ይላል። እውነት ይሁን ለማጽናናት፣ አንቺ ታውቂያለሽ።

የጎደለው እውነተኛው ባዶ መደብ ነው። እሱንም ጨምረን በሰኔ አራቱንም እንደገና እንዘራቸዋለን። ምርቱ እስከ ኅዳር ስለማይደርስ መስከረም ላይ የሌለሽን አለኝ እንዳትዪ። ብራና ጻፊ ሲሳሳት ይፍቃል፣ ፍቆ በላዩ ይጽፋል፤ የተፋቀበት ቦታ ሻካራ ሆኖ ይታያል፣ ግን ቃሉ የቀና ነው። አንቺም «ምንም ያልተጨመረበት» የሚለውን ፍቀሽ፣ አባቴ አንድ መቶ ስልሳ አራት ቅርጫት ጨምሮበታል ብለሽ ጻፊ። ስሜን አትደብቂ። ፕሮፌሰርሽ ቢቆጣ በእኔ ይቆጣ፤ እኔ የየኔታን ዱላ ለምጃለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ስለት እስኪደርስ አይወራም ብዬ ሰባት ዓመት የያዝኩት ነው። የዚያ ጥግ ዝክር ያባቶቼ አይደለም። በሄድሽበት ጠዋት፣ መኪናው በዳባት አድርጎ ወደ ጎንደር ሲነጉድ፣ ከዚያ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ልጄን ወደ ቤቷ መልስልኝ፣ ከዚህ የሚወጣውን ገብስ ዓመት በዓመት እዘክርሃለሁ አልኩት። መጥተሽ አሥራ ሁለት ቀን ስትቀመጪ፣ ይህ መመለስ ነው አይደለም እያልን ከሚካኤል ጋር ስንከራከር ቆየን። እስካሁን አልተስማማንም። እና አንቺን የተሳልኩበትን መሬት ራስሽ መጥተሽ ምንም አታድርጉለት ስትዪኝ፣ እንዴት ብዬ ልተወው? ናፍቀሽኛል፤ ሌላ ነገር የለውም።

ዘንድሮ ዝክሩን ከቤቱ ጓሮ ወዳለው መሬት አዙሬዋለሁ፤ እዚያ ፍጉን የሚከለክለኝ ሳይንስ የለም። አራተኛው መደብ ያለ ፍግ ባዶውን ያድራል። ቃሌ ነው።

መልአኩ በፊትሽ ይሂድ፣ በሊቃውንቱ ፊት አንደበትሽን ያቅናልሽ፣ እናትሽ ዓይኗ ሳይከደን እንድታይሽ ያብቃት። አሜን።

የሚወድሽ አባትሽ
መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ

ስሜን ከፈረምኩ በኋላ ደግሞ፦ ደብዳቤውን አሁን ለእናትሽ ሳነብላት፣ ቁጥሩ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። ያን ጊዜ እኔ ለኪዳን ስሄድ እየጠበቀች እሷም ሁለት ቅርጫት ጨምራበታለች። አንድ መቶ ስልሳ ስድስት በዪው። አንቺ ደግሞ ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ ፊቷን ወደ ጓሮ አዙራ፣ «ስለት አይወራም» አለችኝ።