አበዳሪ ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሮማንወርቅ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ አዘነልሽ ወይስ እንደ ልማዱ አጎበጠሽ? እማዬ እንዴት ናት? ጋሽ ዳኛቸውስ? ልጆቹስ? የናዝሬት ገበያስ እንዴት ይዞሻል? እኔ በእናንተ ጸሎት፣ በአምላክም ቸርነት፣ አካሌ ደህና ነው። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ወረቀቱን ቀደድኩት። ብዙ ነገር ጎድሎብኛል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ አርፎ መቀመጥ ጎድሎብኛል።

ይህን የምጽፍልሽ ሱቄ ውስጥ ብድግ ቁጭ እያልኩ ነው። ሁለት መስመር ስጽፍ ተነስቼ ደንበኛ መጣ ወይ ብዬ አያለሁ፤ ዝናብ ብቻ ነው፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሱቅ ስልሽ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ፣ ባቡሩ በላያችን የሚያልፍበት ድልድይ አጠገብ፣ ያንቺን ጨርቅ አሥር ጣቃ ብትደረድሪባት እኔ ውጪ የምቀርባት ጉረኖ ናት። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ስለሚንቀጠቀጥ ጽሕፈቴን አትስደቢብኝ። እዚህ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የጃማይካ ሴቶች ለሠርግ የሚለብሱትን ቀሚስ እሰፋለሁ። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ያው እንደ ድሮዬ ቢሮ አጸዳለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ባለ ሱቅ ሆነሽ እንዴት ገንዘብ መላክ አቆምሽ ብለሽ ወቅሰሽኛል። ፈርደሽብኛል አልልም፤ አላወቅሽማ። ይህን ወረቀት በእጇ የምታደርስልሽ ጸሃይነሽ የምትባል ነርስ ወዳጄ ስለሆነች ማንም ይከፍትብኛል ብዬ ሳልፈራ ሁሉንም ልንገርሽ።

ሱቋን ስከራይ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተጠየቅሁ። ባንክ ሄጄ ብድር አፕላይ አደረግሁ፤ ስንት ዓመት እዚህ ኖርሽ፣ ምን ንብረት አለሽ፣ ማን ያውቅሻል ብለው መለሱኝ። ከአገር ልጆች ጋር እቁብ አለኝ፤ ዕጣዬ ግን ገና አልወጣም ነበር፤ አስቀድሙልኝ ብዬ መለመን ደግሞ ሞት መሰለኝ። ያኔ ነው ሚስተር ፔሪ የመጣው። ቤት ለቤት እየዞረ፣ ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ ለሠራተኛ የሚያበድር ድርጅት ተቀጣሪ ነው። ሁለት መቶ ፓውንድ ሰጠኝ፤ በወሩ መጨረሻ አርባ ጨምሬ ልመልስ ተስማማን። ደመወዜንና የሱቁን ገቢ ደምሬ እከፍላለሁ ብዬ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሱቁ በመጀመሪያው ወር የክር ዋጋ እንኳ አላወጣም።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ አትሳቂ፤ ወይም ሳቂ፣ እማዬ ፊት ግን አይሁን። ሰውዬው ገንዘቡን ሊቀበል ዓርብ ማታ አንኳኳ። ዝናብ መትቶታል፣ ሽማግሌ ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። የለኝም ብዬ ከበር ልመልሰው? ግባ አልኩት፤ ሻይ ሰጠሁት። ጾም ስለሆነ ያለኝ ሽሮ ነበር፤ እሱንም አቀረብኩለት። ግንባሩ እስኪያልበው በላ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ አርባውን ብቻ ብሰጠው ሁለት መቶውን ለሚቀጥለው ወር እንደሚያሸጋግርልኝ ነገረኝ። እትዬ፣ መረቅሁት! ዕድሜ ይስጥህ፣ በሰው አገር ሰው አገኘሁ ብዬ ቆሜ ሸኘሁት።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ ይመጣል፣ ይበላል፣ አርባውን ይወስዳል፤ ሁለት መቶው ንቅንቅ አላለም። የኮቱ ገበር ተቀዶ አይቼ በነጻ ሰፋሁለት። ከገበታዬ የቆረሰ ሰው ይጎዳኛል ብዬ በየት በኩል ላስብ? እኛ ዘንድ አበዳሪም ቢሆን ቤትሽ በልቶ ሲነሳ ዓይንሽን ያፍራል። ለካ ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ ልብላው ልብላው ነው። ሰውዬው ክፉ ነው እንኳ አልልም፤ ያዘዙትን ያደርጋል። አንቺ ብትሆኚ በመጀመሪያው ወር ትነቂ ነበር። እኔ ግን የነቃሁት በጥቅምት መጨረሻ፣ የተበደርኩትን ያህል ከፍዬ ገና ምንም እንዳልከፈልኩ ሲገባኝ ነው።

ያን ሰሞን እግሬ መሬት አልያዘም። አብራኝ ቢሮ የምታጸዳ ሴት ዌምብሊ ርካሽ ክፍል አለ፣ አድራሻ ሳትተዪ ሂጂ፣ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ብላ መከረችኝ። በሱቁ አድራሻ ስለሚያገኙኝ እሱንም መተው ነው እንግዲህ። ያቺን ጉረኖ እንዴት ልተዋት? በዕድሜዬ ማንም ሳያዘኝ የምሠራባት ቦታ እሷ ብቻ ናት። ቢሆንም የስፌት መኪናዬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ማሰር ጀመርኩ።

ስጠቀልል ያየችኝ ንግስቲ ናት። ከእኔ ቀጥሎ ካልሲና ሻርፕ የምትሸጥ የአስመራ ልጅ ናት። ጠየቀችኝ፤ ዋሸኋት። እንደገና ጠየቀችኝ፤ አለቀስኩ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ወዲያው ዕቃዋን ሸፍና ወጣች። ተቀይማኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሄደችው አጎቷ ዘንድ ነው።

አጎቷ አቶ ባህታ ይባላሉ። አስመራ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው፤ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ይገፋሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስጠሩኝ፤ መምሬ ገብረመድኅንም አብረዋቸው ነበሩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ አቶ ባህታ፣ በሰውና በሰው መካከል ነገር ሲበላሽ ሽማግሌ ይላካል፤ አንቺ ማንን ላክሽ ብለው ጠየቁኝ። ኧረ አበዳሪ ቤት ሽማግሌ አይላክም፣ ይስቁብናል አልኳቸው። ይሳቁ፣ ስቀው ሲጨርሱ እንነጋገራለን አሉኝ።

ሰኞ ሄድን። አቶ ባህታ ከረባታቸውን አስረው፣ መምሬ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ከኋላ። ቢሮው ከአንድ ጫማ ሱቅ በላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጎረምሳ ቢጤ ነው፤ ተቀመጡ አለ። እነሱ ደግሞ የሽማግሌ ወግ ነውና ቃል ሳንቀበል አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ልንደበድበው የመጣን መሰለው። ሊያስታርቁን ነው የመጡት ብዬ ብተረጉምለት፣ እኛ መቼ ተጣላን አለኝ። አቶ ባህታ ይህን ሲሰሙ፣ ካልተጣላችሁማ መስማማት አይከብዳችሁም አሉ። አልሆነም፤ በሩን አሳየን። ደረጃውን ስንወርድ እኔ በሃፍረት ልሞት ነው፤ እነሱ ግን በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለ ሽማግሌ ወጉም አይደርሰው እያሉ ይጫወታሉ። ረቡዕ ተመልሰን ሄድን፤ ያው እምቢታ።

ሦስተኛው ጉዟችን ዓርብ ነበር። ደመወዝ የሚወጣበት ቀን ስለሆነ ቢሮው በተበዳሪ ጢም ብሏል። ሽማግሌዎቼ መሀል ላይ ቆሙ። አንዲት የጃማይካ ሴት ምን ፈልገው እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። እሷም ጮክ ብላ የራሷን ብድር መተረክ ጀመረች፤ አጠገቧ ያለው ቀጠለ፤ ቤቱ ሸንጎ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ይሄን ጊዜ ብድግ ብሎ እኛን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባን። ወለዱ ሊቆም፣ ሁለት መቶውን ዓርብ ዓርብ አሥር አሥር እያልኩ ልጨርስ ተስማማ። ያኔ ገና ተቀመጡ።

ግን ዋስ ያስፈልጋል አለ። ሁለት ሳምንት ካሳለፍኩ የቀረውን ዋሱ ይከፍላል። አለቀልኝ ብዬ አቀረቀርኩ። ቀና ስል አቶ ባህታ መነጽራቸውን አድርገው እየፈረሙ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና ሳይሆን ንዴት ነው። ማን ዋስ ሁኑኝ አለ? ከሚስተር ፔሪ መሸሽ ይቻላል፤ ከአቶ ባህታ ግን ወዴት ይሸሻል? ዌምብሊ ቀርቶ የሰማይ ጥግ ብሄድ አያስተኛኝም። አውቶቡስ ላይ ተቆጣኋቸው። ለምን ሳይጠይቁኝ ፈረሙ፣ ያችው ደመወዝዎ ለእርስዎም አትበቃ፣ ሱቁ ቢዘጋስ አልኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ ከሱዳን ጀምሮ እዚህ እስኪደርሱ፣ ክፍል ሲከራዩ፣ ሥራ ሲጠይቁ፣ ወረቀት ሲያወጡ፣ በየመስኮቱ ማን ያውቅሃል፣ ዋስ አለህ ወይ ሲባሉ እንደኖሩ ነገሩኝ። አስመራ ሳሉ ለስንቱ ሰው የዋስትና ቃል ጽፈዋል፤ እዚህ ግን ስማቸው ለራሳቸውም አልሆነም። ዛሬ ዋስ ማን ነው ሲባል እኔ ነኝ አልኩ፣ እነሱም ስሜን ተቀበሉ፤ አንቺ ተቆጪ፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል አሉኝ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። ሱቄ ተመልሼ መኪናዬን ፈታሁት።

ዕዳው የቀለለት ሰው ይተኛል ይባላል፤ የእኔ ግን ባሰበት። ሁለት ዓርብ ከፍያለሁ፤ ነገ ሦስተኛው ነው፤ አሥሩ ገና አልሞላልኝም። ጨርቅ ስቆርጥ አቶ ባህታ ይታዩኛል፤ አንድ መንገደኛ ሳይገባ ሲያልፍ የሳቸው ገንዘብ የሄደ ይመስለኛል። የእቁቤ ሴቶችም ሰምተው፣ ብትናገሪ ዕጣውን ባስቀደምንልሽ ነበር ብለው አኮረፉኝ፤ አሁን ዕጣው ለሌላ ወጥቷል። አንዳንዱ ደግሞ የአስመራ ሰው ለሸዋ ሴት ምን ቤት ነው ዋስ የሚሆነው እያለ ያማል። መልስ አልሰጥም፤ ሱሪውን አሳጥሬ ሒሳቤን እቀበላለሁ።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዱቤ እንዴት እምቢ እንደሚባል ጻፊልኝ። ግማሹ ደንበኛዬ የአገር ልጅ ነው፤ ከእህትሽማ ገንዘብ አትቀበይም ሲሉኝ እጄ ይታሰራል። አንቺ ሰው ሳይቀየምሽ ገንዘብሽን ስትቀበዪ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ እንዴት እንደምታደርጊው ግን ልብ አላልኩም። ትላንት ኂሩት የምትባል ልጅ ኮቷን አስጠብባ ነገ እከፍላለሁ ብላ ልትይዘው ስትል ከእጇ ቀማኋት። ቀማኋት ነው የምልሽ! እሷ ደንግጣ ሄደች፣ እኔም ደንግጬ ቀረሁ። የአንቺ ዘዴ እንዲህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ገንዘብ ግን እስከ ፋሲካ ከእኔ አትጠብቂ፤ ቅር ቢልሽም ቻይው።

እዚህ ጋ ስደርስ ሰው መጣብኝ። አንዲት ሴት የሁለት ልጆቿን የትምህርት ቤት ልብስ አስረዝማ፣ ቆማ ጠብቃ፣ ሳትከራከር ከፈለች። ኂሩትም ሒሳቡን ይዛ መጥታ ቀና ብላ ሳታየኝ ኮቷን ወሰደች። የነገው ሞላ እትዬ፤ የወዲያኛውን ዓርብ እግዜር ያውቃል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የላክሁላትን ሹራብ ጸሃይነሽ ይዛላታለች፤ እጅጌው ቢረዝም አታሳጥሩት፣ እጥፍ አድርጋ ትልበሰው፣ ብርድ ትፈራለች። ጋሽ ዳኛቸውን እጅ ነስታለች በይልኝ፤ የብድሩን ነገር ግን እንዳትነግሪው፤ ለሰፈሩ ሁሉ ስብከት ያደርገዋል። ትንሿን አልታየሽን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ። ጎረቤቶቻችንን በያሉበት ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ ደረጄስ? ከሰሜን ጦር ግንባር ደብዳቤው ደረሰሽ ወይ? ስትጽፊለት አክስትህ ስምህን ሳትጠራ አታድርም በይው። አቶ ባህታም እዚያው በረሃ ወንድ ልጅ አላቸው። በየትኛው ወገን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው። ለደረጄ ስትጸልዪ እሱንም አብረሽ አንሺው፤ የገንዘቡን ዕዳ እኔ እከፍላለሁ፣ ይህኛውን ግን ብቻዬን አልችለውም።

እህትሽ ውባንቺ
ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ
ኅዳር 25 ቀን 1979 ዓ.ም.